ድንጋዩ ላይ የሚቀረጸው ዓመት

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ሰንብተሻል? ከነቤተሰብሽ ደህና ነሽ ወይ? ያ ወገብሽን ሰቅዞ የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይስ ብርድ በመጣ ቁጥር እየተመለሰ ያስቸግርሻል? ባለቤትሽስ ሳላቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ ትምህርቱ እንዴት ይዟቸዋል? ጣሪያውን አስጠገናችሁት ወይስ አሁንም ዝናብ ሲጥል ባልዲ ይዛችሁ ከጥግ ጥግ ነው የምትሮጡት? አጠገብሽ ሆኜ እንዲህ ባዥጎደጉድብሽ «አንዱን ሳልመልስልህ ሌላውን!» ብለሽ ትቆጪኝ ነበር። ወረቀት ደግነቱ አይቆጣም።

ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ከናፍቆታችሁ በስተቀር እኔ ደህና ነኝ ይላል። እኔም እንደዚያው ልል አልኩና እጄ ቆመ። ናፍቆቱ ራሱ የት እንደገባ እንጃ። እበላለሁ፣ ምን በላህ ብትይኝ ግን አላስታውስም። እተኛለሁ። ጠዋት ተነስቼ ሥራ እገባለሁ። የሚያመኝ ቦታ የለም። እማዬ ከሞተች ወዲህ እንዲሁ ነኝ፤ ምንም አይሰማኝም። ደህና ነህ ወይ ለሚለኝ ሁሉ ደህና ነኝ እላለሁ፣ እስካሁን የተጠራጠረኝ የለም።

ነገሩን በስልክ ያላደረግኩት አመላችንን ስለማውቅ ነው። እኔና አንቺ ስልክ ላይ ከተገናኘን አፍ እየተነጣጠቅን አንዳችንም ሳንሰማ ነው የምንዘጋው። ስለዚህ አሁን የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ፤ እስክጨርስ ታገሺኝ።

ባለፈው የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። ድንጋይ ጠራቢው የእማዬን የመቃብር ድንጋይ አለስልሶ ጨርሷል፤ ስሟንም፣ ያረፈችበትንም ዓመት ቀርጿል፤ የቀረው የተወለደችበት ዓመት ብቻ ነው፤ አጎታችን ዓመቱን ነግረውታል፤ ቤተሰብ ከተስማማ ሊቀርጸው ነው፤ ድንጋዩም በወሩ መጨረሻ ይቆማል። ይህን ሁሉ በረጋ ድምፅ ነገርሽኝና ወዲያው ዞረሽ ያዝሽኝ። «አንተ የድንጋይ ዕድሜ ስትቆጥር የምትውል ሰው፣ እስቲ የእናትህን ዕድሜ ንገረን» አልሽ። ቀጥለሽ ደግሞ፣ «አጎታችን ያሉትን ይጻፉ፣ እኔ እንደሆነ ድንጋዩ ሲቆም አልገኝም። ለአንተ እናት ነበረች፤ ለእኔ አልነበረችም» አልሽ። ይህንን ስትይ አልጮህሽም። ብትጮሂ ይሻለኝ ነበር።

መርዶውን ስትነግሪኝ «እሺ» ብዬ ስልኩን መዝጋቴንም አልረሳሽልኝም። ድንጋይ ሆነሃል አልሽኝ። ይሁን፣ ስድቡን ተቀብያለሁ። ያን ሰዓት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ በመርፌ ጫፍ አንዲት ቅንጣት ይዤ ነበር። ስልኩን አስቀመጥኩና ቅንጣቷን ከቦታዋ አኖርኳት። ከዚያ ሌላዋን አነሳሁ። ከዚያ ሌላዋን። ለቅሶው ትንሽ ቆይቶ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ሥራ መውጫ ሰዓት ደረሰ። ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም። እናቱ ሞታ ዓይኑ ያልረጠበ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም፣ ባውቅም ስሙን አልወደውም።

የምሠራውን ሥራ በቅጡ ነግሬሽ አላውቅም። አንቺም ለጎረቤት «ወንድሜ ድንጋይ ይፈጫል» እያልሽ ታወሪያለሽ አሉ። አልዋሸሽም፣ ቀኑን ግማሽ የማደርገው እሱን ነው። አለቃችን ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት አንድ የተራራ ሰንሰለት ላይ ነው። ያ ተራራ በጥንት ጊዜ ሲገፋና ሲታጠፍ ከሥር የቀለጠ አለት ሰንጥቆት ገብቷል፤ ከዚያ እዚያው ውስጥ ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ግራናይት ሆኗል። ግራናይቱ መቼ እንደገባ ከታወቀ ተራራው መቼ እንደቆመ ይታወቃል። እሳቸው ከተራራው ድንጋዩን በከረጢት ያመጣሉ፤ እኛ እዚህ ምድር ቤት ውስጥ እንፈጨዋለን፣ በወንፊት እንነፋዋለን፣ በውሃ እናጥበዋለን፣ ማግኔት የሚስበውን በማግኔት እናወጣለን፣ የቀረውን ከባድ ፈሳሽ ውስጥ እንጨምረዋለን። ቀላሉ ይንሳፈፋል። የዘቀጠው ውስጥ ዚርኮን የምትባል ቅንጣት ትገኛለች፤ ከጨው ቅንጣት ታንሳለች፣ ግን ስታያት ጥርት ያለች ናት። አንድ ከረጢት ሙሉ ድንጋይ ፈጭተን የምናገኘው ጥፍር ላይ የሚቀር ነው። አንቺ ብታዪው «ለዚህ ነው የሰው አገር የሄድከው?» ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ።

ቅንጣቷን የምንፈልጋት በውስጧ ሰዓት ስላለ ነው። ዚርኮን ስትፈጠር ዩራኒየም የሚባል ነገር ወደ ውስጧ ታስገባለች፤ እርሳስ የሚባለውን ብረት ግን አታስጠጋም። ዩራኒየሙ ደግሞ ከዘመን ብዛት በራሱ ጊዜ ወደ እርሳስ ይለወጣል። ስለዚህ ዛሬ ውስጧ እርሳስ ካገኘን እዚያው የተወለደ ነው ማለት ነው፤ መጠኑን አይተን ዘመኑን እናሰላለን። ከሁሉ የሚደንቀው ዩራኒየሙ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው፤ አንዱ ፈጠን ይላል፣ አንዱ ይዘገያል። ሁለት ሰዓት አንድ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ እንደማለት ነው። ሁለቱ አንድ ሰዓት ካሉ አምነን እንጽፋለን። ከተለያዩ አንጽፍም፤ ምን እንደገጠማት እንፈልጋለን። እዚህ ቤት አንድ ምስክር ብቻውን አይታመንም።

በዚህ ሰሞን ታዲያ የሥራ ባልደረባዬ ጉድ ሠራ። ስሙን ትቼ ጥድፊያ ነው የምለው፤ ምሳውን ቆሞ የሚበላ ሰው ነው። ቅንጣቶቹን ሙጫ ውስጥ ደርድረን፣ ሞርደን፣ በሌዘር እየነካን ነው የምንለካው። ከመንካታችን በፊት የእያንዳንዷን ሆድዕቃ የሚያሳይ ፎቶ ማየት አለብን። ጥድፊያ ፎቶውን ገልመጥ አድርጎ አለፈውና ሁሉንም መሐል መሐላቸውን መታቸው። ግራናይቱ ከተጠበቀው ሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በልጦ ተገኘ። ሁለቱም ሰዓቶች ተስማሙ። ተገኘ ተብሎ ቤቱ በደስታ ተናወጠ፤ ጥድፊያ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሳይቀር ደወለ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ደስ ሲላቸው አየኋቸው።

አለቃችን ሲመጡ ቁጥሩን አላዩም፣ ፎቶውን ነው ያስመጡት። ቅንጣቷ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ናት፤ መሐሏ ግን ድርብርብ አይደለም። ደብዛዛ ነው፣ ዳርና ዳሩ ተበልቷል። እሱ የሌላ ድንጋይ ቅንጣት ነው። ያ ድንጋይ ቀልጦ ጠፋ፤ እሷ ሳትቀልጥ ተረፈች፤ አዲሱ ግራናይት ሲቀዘቅዝ በላይዋ ላይ ሌላ ልብስ ደረበችና አዲስ መሰለች። አለቃችን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ቁጥሩ ስህተት የለበትም። የማን ዕድሜ እንደሆነ ነው ያልጠየቅነው» አሉ። ጥድፊያ ፊቱ በርበሬ መሰለ። በማግሥቱ ዳር ዳሩን ለክተን የግራናይቱን ዕድሜ አገኘነው፣ ለእኔ ግን ያቺ የሴትዮዋ ንግግር ጆሮዬ ላይ ቀረች።

ወደ አጎታችን ልምጣ። እማዬ መታወቂያ ስታወጣ ዓመቱን ያስመዘገቡት እሳቸው እንደነበሩ ታውቂያለሽ። ታላቅ ወንድሟ ናቸው፣ ለባል የሰጧትም እሳቸው ናቸው። አባባልም አላቸው፤ አያታችን ትልቁን ቤት ባሠሩበት ዓመት ተወለደች ይላሉ። ቤቱ መቼ እንደተሠራ አገር ያውቃል። በእሳቸው ቆጠራ አንቺን ስትወልድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አንቺ የተወለድሽው ጤና ጣቢያ ስለሆነ የአንቺ ቀን አያጠራጥርም። እኔም ይኸው ነው፣ ይቀረጽ ልልሽ ስልኬን አንስቼ ነበር። ከዚያ የመልእክትሽን መጨረሻ ሰማሁት።

መጨረሻ ላይ ነገሩን ለማለዘብ ብለሽ ይመስለኛል፣ እማማ ፍልቅልቅ ለቅሶ ላይ ያወሩትን ነገርሽኝ። መቼም የእማዬ አብሮ አደግ እሳቸው ብቻ ናቸው የቀሩት፤ ለቅሶ ቤትም ተቀምጠው ሰው ማሳቅ አይተዉም። እማዬ ሙሽራ ሆና በገባች በዓመቷ፣ አንቺ ከመወለድሽ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ውሃ ሊቀዱ አብረው ሄደው፣ እንስራዋን አስቀምጣ፣ አፏን ከፍታ፣ «እዪ፣ የመጨረሻዋ ወለቀች» ብላ የወተት መንጋጋዋ የነበረበትን ቦታ አሳየችኝ አሉ። እሳቸው አንድ ቀርቷቸው ስለነበር ቀደመችኝ ብለው ተናደዱ። ሰው ሳቀ፣ አንቺም ስትነግሪኝ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅኩም። መልእክቱን ወደ ኋላ መልሼ እንደገና ሰማሁት።

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ ሰፈራችን ያለችው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ወንበሩ ላይ አስተኝታኝ የትኛው እንደሚያመኝ ጠየቀችኝ። ምንም አያመኝም፣ ጥያቄ ልጠይቅ ነው የመጣሁት አልኳት። የዋህ ናት፣ አልሳቀችብኝም። ሴት ልጅ የመጨረሻዋን የወተት መንጋጋ በስንት ዓመቷ ትጥላለች ስላት፣ ባብዛኛው በአሥራ አንድ፣ ግፋ ቢል በአሥራ ሁለት አለችኝ። የአጎታችንን ቆጠራ ይዤ፣ በአሥራ ስምንት ቢሆንስ አልኳት። አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጓንቷን እያወለቀች፦

«ልጅቷ አሁን ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ።

«ሞታለች» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። ያጽናህ አለችኝ፣ እንዲህ ያለ ሐዘን ለጠላትም አይስጥ አለችኝ። እናቴ ናት ልላት ስል ቀደመችኝና በወረቀት ኩባያ ውሃ ሰጠችኝ። እትዬ፣ ያን ጊዜም አላለቀስኩም። ግን ውሃውን እስከ ጠብታው ጠጣሁና ኩባያውን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እማዬ ከሞተች ጀምሮ ብዙ ሰው አጽናንቶኛል፤ የማንም ቃል ቆዳዬን አላለፈም ነበር። የዚያች ሴት አለፈ። እሷ ያጽናናችኝ ለሕፃን ልጅ ሞት ነው፤ እኔም ሳላርማት ተቀብዬ ወጣሁ።

አንድ ምስክር አይበቃም ብዬሻለሁ። ሁለተኛውን ራሷ እማዬ ነግራናለች፣ እኔም አንቺም ስንት ጊዜ ሰምተነዋል፣ ልብ አላልነውም እንጂ። ስሟ ሲጠራ ቶሎ አቤት አትልም ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ለምን ስንላት፣ ከእኔ በፊት ባለቤት ነበረው ትለን ነበር። ከእሷ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ተወልዳ ነበር። አምስት ዓመት ሞልቷት ኩፍኝ ወሰዳት። እማዬ ያኔ በሆድ ነበረች፤ ስትወለድ የሟቿን ስም አወጡላት። ትልቁ ቤት በተሠራበት ዓመት የተወለደችው ታዲያ የትኛዋ ናት?

አጎታችን ያሉት ዓመት ስህተት የለበትም። ትክክለኛ ዓመት ነው፣ የእማዬ ግን አይደለም። የእማዬ ከዚያ አምስት ዓመት ወዲህ ነው። ጥርሷም ይህንኑ ይላል፣ ሟቿም ይህንኑ ትላለች፤ ሁለቱ ሰዓቶች ተስማምተዋል። የሥራ ቤታችን ደንብ ከቁጥር ጎን አንድ ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ብለሽ ካልጻፍሽ አያሳልፍሽም፤ የመቃብር ድንጋይ ላይ ግን እንዲህ ብሎ የሚጽፍ የለም፤ ስለዚህ አንዱን መርጬ ነግሬሻለሁ። አጎታችን አውቀው ነው ሳያውቁ የሚለውን አላውቅም። ሁለት እህቶች በአንድ ስም ጠርተው የቀበሩ ሰው ናቸው፣ ሊምታታባቸው ይችላል። ትልቅ ናት ብለው ለባል ሲሰጧት ደግሞ የሚመቻቸው የትኛዋ ዓመት እንደነበረች አንቺም ታውቂያለሽ። ልናደድባቸው ይገባኝ ነበር፤ ፈለግኩት፣ ንዴቱም የለም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለዚህ ነው። አንቺን ስትወልድ አሥራ ሦስት አልፏት አሥራ አራት አልሞላትም ነበር። እኔን ስትወልድ ሃያ ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት፤ እኔ ሴት ሆና ነው ያገኘኋት። ለአንተ እናት ነበረች ያልሽኝ እውነት ነው፣ አልከራከርሽም። እማዬ ከጓደኞችሽ ጋር ገመድ ዘልላ ስትወድቅ አጭበረበራችሁ ብላ ታኮርፍ ነበር ብለሽ ስታወሪ እኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር፤ አንቺ ግን አፍረሽባት ቤት ትገቢ ነበር። ከሁሉ በፊት የምታነሺው ደግሞ ያቺን የጨርቅ አሻንጉሊት ነው፣ የቁልፍ ዓይን ያላትን። ሣጥኗ ውስጥ ከልብሷ ሥር ሸሽጋ አላስነካሽ አለች። አንድ ቀን አውጥተሽ ስትጫወቺ ብትይዝሽ አልመታችሽም፣ ተቀምጣ አለቀሰች። የሰው እናት ለልጇ አሻንጉሊት ትሰፋለች፣ የእኔዋ ቀማችኝ ትያለሽ፤ ይህን ያህል ዘመን እንደ ክስ ይዘሽዋል። እትዬ፣ አሻንጉሊቷ የአንቺ አልነበረችም። ከእናቷ ቤት ይዛ ያመጣቻት የራሷ ናት።

ይቅር በያት ብዬ አላዝሽም፣ ታናሽሽ ነኝ። ያጣሽውን አጥተሻል፣ ዓመት ስላስተካከልኩ አይመለስልሽም። የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ዛሬውኑ ሂጂና አጎታችን ካሉት ላይ አምስት ጨምሮ እንዲቀርጽ ንገሪው። አጎታችን ከተቆጡ በእኔ አሳቢ፤ ያ ድንጋይ ፈጪ ነው እንዲህ ያለው በያቸው፣ በስልክም ከፈለጉኝ አነሳለሁ። ሁለተኛው፣ ድንጋዩ ሲቆም ተገኚ። እኔ መድረስ አልችልም፤ ፈቃድ ጠይቄ አለቃዬ ቢፈቅዱልኝም የጉዞ ወረቀቴ እስኪታደስ አልንቀሳቀስም። ለእናት መቆም ካልሆነልሽ ለዚያች ሕፃን ቁሚላት። ስትዳርም፣ ስትወልድም ትልቅ ሰው ነበረች ተብሎ ነው የተነገረላት፤ መቃብሯ ላይ እንኳ ዕድሜዋ ይመለስላት።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ባለቤትሽን በአክብሮት እጅ ነስቷል በያቸው፤ ሳሉን ችላ እንዳይሉት። እማማ ፍልቅልቅን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ጥርስ ባይኖራቸውም ወሬያቸው ሙሉ ነው በያቸው፣ ይስቃሉ። አጎታችንንም ሰላም በይልኝ፤ ከሰላምታ ሌላ ለእሳቸው የሚሆን አሁን ምንም የለኝም። ያ መካከለኛው ልጅሽ የላከልኝን የአውሮፕላን ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ክንፉ አንድ ቢሆንም ይበራል በይው። ትንሿን ቀበጥ ጉንጯን በእኔ ምትክ ቆንጥጫት፣ ቀስ ብለሽ ግን።

ትልቋን ልጅሽን መጨረሻ ያደረግኳት ረስቻት አይደለም። በሚመጣው ወር አሥራ አራት ትደፍናለች አይደል? ይህን ስታነቢ ቤት ካለች ወረቀቱን አስቀምጪና ሄደሽ እያት። እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ጫማዋን እንዴት እንደጣለችው፣ በምን ነገር እንደምትነጫነጭ ልብ ብለሽ እዪ። እማዬ አንቺን ታቅፋ ከጤና ጣቢያው ስትወጣ እሷን ነበር የምታክለው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከሥራ ቤቴ ጀርባ ካለችው የኪራይ ክፍሌ
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 14